ቆርቆሮው እንዲዝግ፣ ጡቡ እንዲታይ፦ ስለ ባቡር ሞዴል ቤቶች አቀባብ ጠይቃችኋል

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ ከባቡር ሞዴል ጋር የሚቆሙት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ቤቶች እንዴት ነው የሚቀቡት? በጣም ደስ ብሎኛል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሎኮሞቲቩን ነው። ገበታውን አገር የሚያስመስለው ግን ቤቱ ነው። «ባሕር ዳር ሐዲድ የለ፣ ምን ያደርግላችኋል?» የሚለን ሰው አይጠፋም። ሐዲዱ ባይኖርም ግድግዳው፣ ቆርቆሮውና ጥቁር ድንጋዩ አለ፤ ለቀለም ሥራ የሚፈለገው ደግሞ እሱ ነው። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

«ወንድሜ ከጀርመን ሲመጣ በካርቶን የታሸገ የባቡር ጣቢያና ሁለት ቤት ይዞልኝ መጣ። ፕላስቲኩ ራሱ ቀለም አለው፤ ግድግዳው ቢጫ፣ ጣሪያው ቀይ ነው። ታዲያ መቀባት ያስፈልገዋል ወይ? ካስፈለገስ ከየት ልጀምር? እዚህ የሞዴል ቀለም የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም።» (መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መምህር፣ ያስፈልገዋል። ችግሩ ቀለም ማጣቱ ሳይሆን ማብረቅረቁ ነው። እነዚህ ቤቶች የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ፖሊስታይሪን ከቅርጹ ሲወጣ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ብርሃንም በመጠኑ ያሳልፋል። የተለሰነ ግድግዳ ግን አያብለጨልጭም። ዓይን ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ቤቱ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢገጣጠም ካልተቀባ መጫወቻ ነው የሚመስለው። ሌላ ምንም ማድረግ ባይችሉ እንኳ ማት ቫርኒሽ፣ ማለትም የማያብረቀርቀውን ዓይነት፣ ስስ አድርገው ይርጩበት። ለውጡን እዚያው ያዩታል።

አሁን ከመጀመሪያው እንሂድ። ከምንም በፊት ይጠቡት። ፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲኩ ከብረት ቅርጹ በቀላሉ እንዲላቀቅ ቅባት ይጠቀማሉ፣ ያ ቅባት ላዩ ላይ ይቀራል፣ ቀለም ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ላርጎ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በደንብ ያለቅልቁትና ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አያስጡት! የባሕር ዳር የመጋቢት ፀሐይ ስስ የፕላስቲክ ግድግዳ ሊያጣምም ይችላል። የፈላ ውሃም እንደዚያው።

ከዚያ ክፍሎቹን ከፍሬማቸው፣ ማለትም ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ፣ ለመንቀል አይቸኩሉ። መስኮት፣ በር፣ አሸንዳ፣ የጭስ ማውጫ፣ እነዚህ ጥቃቅኖች ፍሬሙ ላይ እያሉ ነው መቀባት ያለባቸው፤ ፍሬሙ መያዣ ይሆንልዎታል። ከተነቀሉ በኋላ የተቆረጡበትን ቦታ ብቻ ጫፍ ጫፉን ይነካኩታል። አራቱን ግድግዳ ግን አስቀድመው አጣብቀው መቀባት ይችላሉ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ከሆነ። ጣሪያው ለብቻው ይቀባል፣ መጨረሻ ላይ ይገጠማል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚሠራው ሁለቱን ፕላስቲኮች በመጠኑ አሟሙቶ በማዋሃድ ነው። በመካከል ቀለም ካለ የሚያጣብቀው ቀለሙን እንጂ ቤቱን አይደለም፣ ነገ ይላቀቃል። ስለዚህ የሚጣበቀውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ይቅቡ፣ ከረሱም በምላጭ ይፋቁት።

የቀለሙ ጉዳይ አያስጨንቅዎ። የሞዴል ቀለም ካልተገኘ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት በቱቦ የሚመጣው አክሪሊክ ይሠራል። በውሃ ይቀጥናል፣ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል፣ ሲደርቅ ውሃ አይለቀውም። ከቱቦው እንደወጣ ግን አይቅቡት። እንደ ስስ ወተት እስኪሆን ያቅጥኑትና አንዱ ከደረቀ በኋላ ሌላውን እየደረቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቅቡ። የመጀመሪያው ዙር ዥጉርጉር ብሎ ያስጠላል፣ ተስፋ አይቁረጡ፣ ሁለተኛው ያስተካክለዋል። ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ፣ ለፕላስቲክ የሚሆን ካገኙ ከሥር እሱን ያስቀድሙ፣ ቀለሙ የበለጠ ይይዛል።

ለምን ስስ? ሒሳቡን ራስዎ ያስተምሩታል። ሳጥኑ ላይ 1፡87 ተብሎ ከተጻፈ፣ ማለትም ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ከሆነ፣ ኤች ኦ የሚሉት መጠን ነው፣ 2 ሜትር ከ10 የሆነ በር 24 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በጣም የተለመደው የቆርቆሮ ሞገድ ከጫፍ ጫፍ 76 ሚሊሜትር ነው፣ ለ87 ሲካፈል ከ1 ሚሊሜትር ያንሳል። አንድ ወፍራም ቅብ እሱን ሸለቆ ሞልቶት ቁጭ ይላል። ያ ሁሉ የቅርጽ ሥራ ከቀለሙ ሥር ተቀበረ ማለት ነው።

«ጓደኛዬ ጋራዥ አለው፣ በመኪና ቀለም በኮምፕሬሰር እንርጨው ይለኛል። ባንድ ቀን ያልቃል። ምን ትላለህ?» (ወጣት፣ ከፋሲሎ)

ወንድሜ፣ ተው። የጋራዥ ቲነር ፖሊስታይሪንን ይበላል። አሴቶንማ፣ ያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው፣ ጭራሹን ያሟሟዋል። ግድግዳው ላይ የነበረው የጡብ መስመር ይለሰልስና ይጠፋል፣ ወይም ላዩ እንደተሰነጣጠቀ ጭቃ ይሆናል። መመለሻ የለውም።

የማታውቀው ቀለም በእጅህ ካለ ቤቱ ላይ ሳይሆን ከተረፈው ፍሬም ቁራጭ ላይ ሞክረው። ቀብተህ አሳድረው። በማግስቱ በጥፍርህ ጫን በለው፤ ፕላስቲኩ ከለሰለሰ ወይም ከተጨማደደ ያ ቀለም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኮምፕሬሰሩ ግን ጥሩ ነገር ነው፣ ግፊቱን ቀንሰህ በውሃ የቀጠነ አክሪሊክ ብትረጭበት ያምራል። የመኪናው ሽጉጥ ለዚህ ትልቅ ነው፣ ኤርብራሽ የምትባለውን ትንሿን የቀለም መርጫ ፈልግ።

«በነሐሴ ላይ ጣሪያውን በስፕሬይ ቀባሁት። ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ የለበሰ መሰለ። ቀለሙ ቀኑ ያለፈበት ነው?» (ከጎርጎራ)

ቀለሙን አትጠርጥር፣ ነሐሴን ነው መጠርጠር። የስፕሬዩ ፈሳሽ ቶሎ ሲተን የሚቀባውን ነገር ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥበት ካዘለ ያ እርጥበት ገና ባልደረቀው ቀለም ላይ ያርፋል፣ ነጭ ሆኖ የምታየው እሱን ነው። ክረምት ላይ፣ ያውም ጣና ዳር፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ይድናል፦ ሰማዩ ጠርቶ አየሩ ደረቅ ያለበትን ሰዓት ጠብቀህ ያንኑ ቀለም በጣም ስስ አድርገህ ደግመህ እርጨው።

ለወደፊቱ የስፕሬዩን ጣሳ በደንብ ናጠው፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ራቅ ብለህ እጅህን ሳታቆም እያሳለፍክ እርጭ፣ ከቤቱ ጫፍ ውጭ ጀምረህ ከጫፉ ውጭ ጨርስ። በጣም ከራቅህ ደግሞ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። በረንዳ ላይ ከሆነ በበጋ ነፋስና አቧራ ስላለ የካርቶን ሳጥን በጎኑ አስተኝተህ ውስጡ እርጭ። መስኮት ተከፍቶ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ። ዝናቡ ካላቋረጠ ብሩሽህን አንሣ፣ ብሩሽ ክረምት አይከለክለውም።

«ሳጥኑ ላይ ያለው የአውሮፓ ቤት ነው። እኔ የኛን ሰፈር እንዲመስል ነው የምፈልገው። በቀለም ብቻ ይቻላል?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

የኔ ቆንጆ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ብቻ መመለስ ያምረኛል። ይቻላል። ቁመቱንና የጣሪያውን ሹልነት ቀለም አይቀይረውም እርግጥ ነው፣ ስለዚህ ከሳጥኑ ውስጥ ዝቅ ያለውን መጋዘን ወይም የሠራተኛ ቤት ምረጪ። ከዚያ የሳጥኑን ሥዕል ገልብጠሽ አስቀምጪውና ወጥተሽ ግድግዳ እዪ። ስልክሽን ይዘሽ ቀበሌ ለቀበሌ ዙሪ፣ ቤቱን ሙሉውን ሳይሆን ቁራጭ ቁራጩን አንሺ፦ የጣሪያ ጫፍ፣ የግድግዳ እግር፣ የበር ሥር።

ከቆርቆሮ እንጀምር። ብዙ ሰው ዝገት ሲባል ጣሪያውን ሁሉ ብርቱካናማ ያደርገዋል። ቆርቆሮ እንደዚያ አይዝግም። ቀረብ ብለሽ ካየሽው ዝገቱ የሚጀምረው ከሚስማሩ ዙሪያ፣ ሁለት ቆርቆሮ ከሚደራረብበት ጠርዝና ውሃ ከሚንጠባጠብበት ከታችኛው ጫፍ ነው። ከሚስማሩ ተነሥቶ ሸለቆውን ይዞ ወደ ታች ቀጭን መስመር ይሠራል። አሮጌው ዝገት ጠቆር ያለ ቡኒ ነው፣ ብርቱካናማው አዲሱ ነው፣ እሱም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ደግሞ እያንዳንዱ ቆርቆሮ የየራሱ ዕድሜ አለው፤ አንዱ ተበስቶ የተለወጠ ከሆነ ከዛጉት መካከል ብቻውን ያብለጨልጫል። እሱን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ብርማ አድርጊና ተመልከቺ፣ ጣሪያው ታሪክ ያገኛል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ጣሪያውን በሙሉ ፈዘዝ ያለ ግራጫ። ሲደርቅ አንዳንዱን ቆርቆሮ ትንሽ ጠቆር፣ አንዳንዱን ትንሽ ነጣ አድርገሽ ለይው። ከዚያ ጥቁር ቡኒ በጣም በውሃ ቀጥኖ በቀጭን ብሩሽ ከሚስማሩ ቦታ ወደ ታች ይሳባል፣ እጅሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይሂድ፣ ዝናብ ወደ ጎን አይወርድም። በመጨረሻ ብርቱካናማ በስፖንጅ ቁራጭ ጫፍ ነካ ነካ።

ግድግዳው ደግሞ ከታች ነው የሚናገረው። ክረምት ከጣሪያ የሚወርደው ጠብታ መሬቱን እየመታ ጭቃ ይረጫል፣ ለዚህ ነው አሸንዳ የሌለው ቤት እግሩ ሁልጊዜ ቡናማ የሆነው። ርጭቱ ጉልበት ድረስ፣ 45 ሴንቲሜትር ያህል ቢደርስ፣ በአንቺ ሞዴል ላይ 5 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ አታሳልፊው። ለዚህ ከቀለም ይልቅ ዱቄት ይሻላል። የራሳችንን አፈር ወስደሽ በደንብ አድርቀሽ በአሮጌ የናይለን ስቶኪንግ አጥልይው፣ የሚወርደውን ደቃቁን ብቻ ተጠቀሚ፣ ምክንያቱም ያልተነፋ አፈር እዚህ መጠን ላይ ጠጠር ሆኖ ነው የሚታየው። የጠመኔ ዱቄትም ይሆናል። ለስላሳ ብሩሽ ይዘሽ ከታች ወደ ላይ እያሳሳሽ አልብሺው፣ ከዚያ ማት ቫርኒሽ ከራቅ አድርገሽ እርጪበት። ቫርኒሹ ዱቄቱን ግማሹን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከሚበቃሽ ትንሽ አብዢ።

ጥቁር ድንጋዩን እንዳትረሺ። አጥሩም መሠረቱም በዚያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው የሚሠራው፣ ያለ እሱ ባሕር ዳር ባሕር ዳር አይመስልም። ሳጥኑ ውስጥ የድንጋይ መሠረት ካለ በጥቁር ቀለም አትቅቢው ግን። ንጹሕ ጥቁር በትንሽ ነገር ላይ ቀዳዳ ይመስላል። ጥቁር ግራጫ ላይ ቡኒ ጣል አድርጊበት፣ ከደረቀ በኋላ ነጣ ያለ ግራጫ በደረቅ ብሩሽ፣ ማለትም ብሩሹን ነክረሽ በጨርቅ ሙልጭ አድርገሽ ከጠረግሽው በኋላ፣ የድንጋዩን አናት አናት ብቻ አሺው። ብቅ ያለው ሁሉ ነጥሮ ይወጣል። ለነጭም ያው ነው፦ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ከፈለግሽ ነጩ ላይ ጠብታ ቡኒና ግራጫ ቀላቅይበት። በርና መስኮቱን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ካደረግሽም አፍዝዢው፤ ከሩቅ የሚታይ ቤት ቀለሙ ከቅርቡ የደበዘዘ ነው፣ ሞዴል ደግሞ ሁልጊዜ ከሩቅ የምናየው ቤት ነው።

«የጡቡን መጋጠሚያ አንድ በአንድ በነጭ ልሥል ሞከርኩ፣ ዓይኔ ጠፋ። ሌላ ዘዴ የለም?» (ጡረተኛ፣ ከባሕር ዳር)

አባባ፣ አለ እንጂ! በእውነተኛ ግድግዳ ላይ መጋጠሚያው 10 ሚሊሜትር ያህል ነው፣ በ1፡87 ሲሆን 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በብሩሽ የሚሣል መስመር አይደለም። ጡቡን መጀመሪያ ይቅቡና አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ነጣ ያለ ግራጫ አክሪሊክ በውሃ በጣም አቅጥነው አንዲት ጠብታ ላርጎ ይጨምሩበት፣ ሳሙናው ውሃው እንዳይድቦለቦል ያደርገዋል። ግድግዳውን አጋድመው ያፍስሱበት፣ ራሱ ስንጥቁን እየፈለገ ይገባል። ሳይደርቅ በፊት እርጥበት ባለው ጨርቅ ላዩን በአግድም ጠረግ ያድርጉት። ጡቡ ላይ ያለው ይነሣል፣ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ይቀራል። ነጭ ነጭ አይጠቀሙ፣ መረብ ይመስልብዎታል። ጉልበት ካለዎት እዚህም እዚያም አንዳንድ ጡብ ጠቆር ወይም ገርጣ ቢያደርጉ ጥሩ ነው፤ ከአንድ እቶን የወጣ ጡብ እንኳ አንድ ዓይነት ቀለም የለውም።

«የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የልጅነቴን ጣቢያ ልሠራ አስቤ የአውሮፓ ኤች ኦ ጣቢያ ገዛሁ። ሐዲዱና ቤቱ ይሄዳሉ?» (ከጣና ክፍለ ከተማ)

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ልቤን ነካው። ቤቱ ይሄዳል፣ ሐዲዱን ግን ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ፣ ማለትም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት፣ 1 ሜትር ነው። የተለመደው የኤች ኦ ሐዲድ 16.5 ሚሊሜትር ነው፣ እሱ የሚወክለው 1,435 ሚሊሜትሩን፣ የአሁኑን አዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ዓይነት ነው። ለአባትህ ባቡር ኤች ኦ ኤም የሚባለውን 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ፈልግ። መጠኑ ያው 1፡87 ስለሆነ የገዛኸው ጣቢያ አጠገቡ በደንብ ይቆማል።

ለቀለሙ ትዝታህን አትመን፣ የድሮ ፎቶ ፈልግ፣ የቤተሰብም ቢሆን። ባለ ቀለም ፎቶ ስትጠቀም ደግሞ አሮጌ ወረቀት ወደ ቢጫ እንደሚሄድ አስብ፤ ፎቶው ላይ ነጭ መሆን ያለበትን ነገር፣ ሸሚዝም ይሁን፣ አይተህ ምን ያህል እንደተቀየረ ገምት። እና የድሬዳዋ ግድግዳ እንደኛ ጭቃ የጠጣ እግር አይኖረውም። እዚያ አቧራው ነው፣ ደረቅና ገርጣ ያለ፣ ከላይ ከላይ የሚያርፍ። በጠፍጣፋ ቦታ ሁሉ፣ በመስኮት ደፍና በደረጃ ላይ አብዛው።

«ውስጡ ትንሽ አምፖል ሳስገባ ግድግዳው ሁሉ ያበራል፣ በመስኮት ብቻ አይደለም የሚወጣው።» (ከዘጌ)

ፕላስቲኩ ብርሃን ያሳልፋል ብለናል። የግድግዳውንና የጣሪያውን የውስጥ ገጽ ጥቁር ቀባው፣ ከደረቀ በኋላ ክፍሉ እንዳይጨልምብህ በላዩ ነጭ ደርብ። የማዕዘኖቹን ስንጥቅም ዝጋ፣ ከዚያም ነው የሚያፈተልከው። አምፖሉን በኤልኢዲ ቀይረው፣ አምፖል ይግላል፣ ጣሪያህን ያጣምመዋል።

«መስኮቱን በሱፐር ግሉ አጣበቅሁ፣ መስተዋቱ ነጭ ሆነብኝ።» (ከባሕር ዳር)

የሱፐር ግሉ ትነት ነው ያነጣው። መስተዋት የሚገባው ቤቱ ተቀብቶ፣ ቫርኒሹም ተረጭቶ ካለቀ በኋላ ነው፣ የሚጣበቀውም በነጩ የእንጨት ኮላ። ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ ከተሳሳትሽም በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል። የነጣውን አውጥተሽ ከብስኩት ወይም ከሸሚዝ ማሸጊያ ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጠሽ ተኪው።

«ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ እኔም ልቀባ እያለ አስቸገረኝ። ልፍቀድለት?» (እናት፣ ከባሕር ዳር)

ይፍቀዱለት እንጂ እህቴ። በውሃ የሚታጠበውን አክሪሊክ ብቻ ይስጡት፤ ቲነር፣ ስፕሬይ፣ ምላጭና ሱፐር ግሉ የእርስዎ ናቸው። ከመግዣው ጀምሮ ትልቅ ግድግዳ ያለውን ቤት ይምረጡለት፣ መጋዘን ቢሆን ይመረጣል። አሮጌ ሸሚዝ ያልብሱት፣ ምክንያቱም አክሪሊክ ልብስ ላይ ከደረቀ አይለቅም። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያስቀምጡለት፣ አንዱ ብሩሽ ለማጠብ፣ ሌላው ቀለም ለማቅጠን፣ እና የመጀመሪያውን ቶሎ ቶሎ ይለውጡለት።